የፍራንከንስታይን ታሪክ በዘመናዊ ፊልሞች፦ የትኛው፣ ከማን ጋር፣ ለምን ዓላማ

የፍራንከንስታይንን ታሪክ በፊልም ማየት የሚፈልግ ሰው የሚቸገረው ፊልም አጥቶ ሳይሆን ፊልሙ በዝቶበት ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ብቻ ታሪኩን እንዳለ የተረኩ፣ ወደ ሌላ ዘመንና ከተማ የወሰዱ፣ ሠሪውን ሴት ወይም ፍጡሩን ውሻ ያደረጉ ፊልሞች ወጥተዋል፤ የብዙዎቹ ስም ተቀራራቢ በመሆኑም አንዱን ፈልጎ ሌላውን ከፍቶ መሀል ላይ የሚያቋርጠው ተመልካች ጥቂት አይደለም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው ፊልም እያዩ ለሚወያዩ ወጣቶች፣ በስድስት ኪሎ ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠኑ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያዩትን ለሚመርጡ ወላጆች ነው። የማወዳድረው ሰባት ፊልሞችን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ የየትኛውንም ፊልም መጨረሻ አልገልጥም።

መነሻው መጽሐፍ

መመዘኛዎቹ የሚወጡት ከመጽሐፉ ስለሆነ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ ታሪኩን የጀመረችው በ1816 በጄኔቭ ሐይቅ ዳርቻ፣ በ18 ዓመቷ ነው። በኤፕሪል 1815 በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ወደ ሰማይ በረጨው አመድና ጋዝ ምክንያት የሚቀጥለው ዓመት በአውሮፓ ሙቀት መሆን የነበረበት ወቅት በብርድና በዝናብ አለፈ፤ ሜሪና ገጣሚውን ባይረንን ጨምሮ ጓደኞቿም ከቤት መውጣት ስላልቻሉ እያንዳንዳቸው አንድ የሚያስፈራ ታሪክ ለመጻፍ ተስማሙ። መጽሐፉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1818 ለንደን ውስጥ ያለ ደራሲ ስም ታተመ።

በመጽሐፉ ሦስት ተራኪዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ይገኛሉ። ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጓዝ የመርከብ አለቃ ለእኅቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በደብዳቤው ውስጥ ከበረዶ ላይ ያነሣው ቪክቶር ፍራንከንስታይን ሕይወቱን ይናገራል፤ በቪክቶር ንግግር መካከል ደግሞ እርሱ የሠራው ፍጡር በገዛ አንደበቱ የደረሰበትን ያስረዳል። ፍጡሩ በአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ፣ በግድግዳ ቀዳዳ እያየና እየሰማ ቋንቋ ይማራል፤ ሚልተን ስለ አዳምና ሔዋን ከገነት መባረር የጻፈውን ረጅም ግጥም አንብቦም ራሱን ከአዳም ጋር ያስተያያል። አዳም የፈጠረው አምላክ የሚያናግረውና የሚጠብቀው ነበር፤ እርሱን ግን የሠራው ሰው ገና ዓይኑን ሲገልጥ ጥሎት ሸሽቷል። የመጽሐፉ ልብ ይህ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ንጽጽሬም ከዚህ እምነት ይነሣል።

በ1931 ጄምስ ዌል ያዘጋጀው የሆሊውድ ፊልም ለፍጡሩ መልክ ሰጥቶ አንደበቱን ወሰደበት። ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተው፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ በአንገቱ ግራና ቀኝ ብረት የተተከለበት፣ የማይናገር ፍጡር ዛሬም ስሙን የሰማ ሰው ሁሉ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ነው፤ ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ሆኖ ሳለ ለተሠራው እንዲሰጥ ያደረገውም በአብዛኛው የዚያ ምስል ኃይል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ማንኛውም ፊልም አዘጋጅ፣ የሚናገረውን የመጽሐፉን ፍጡር ወይም የማይናገረውን የፊልሙን ፍጡር መምረጥ ግድ ሆነበት።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ፍጡሩ የራሱን ታሪክ የመናገር ዕድል አግኝቷል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ፊልሙ የሠሪውን ኃላፊነት እንዴት ይመለከተዋል የሚለው ነው፤ በመጽሐፉ የቪክቶር ከባዱ ጥፋት ሕይወት መስጠቱ ሳይሆን የሰጠውን ሕይወት ጥሎ መሸሹ ነውና፣ «ሰው በማያገባው ገባ» በሚል ተግሣጽ ብቻ የሚያበቃ ፊልም ጥያቄውን ግማሽ ላይ ትቶታል። ሦስተኛው ታሪኩ ወደ አዲስ ዘመን ወይም ቦታ ሲወሰድ በቂ ምክንያት አለው ወይ የሚል ነው። አራተኛው ፊልሙ ከማን ጋር ሊታይ ይችላል የሚለው ሲሆን፣ በእኛ ከተማ ሳሎን የሁሉም፣ ቴሌቪዥኑም የጋራ በመሆኑ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አምስተኛው ወጪው ነው፤ ይኸውም ርዝመቱ፣ የሚፈጀው ዳታና የእንግሊዝኛው ክብደት።

የሚያስፈራበትን መጠን በመመዘኛነት አላስገባሁም። የዚህ ታሪክ ፍርሃት ከጨለማ ድንገት ከሚወጣ ነገር የሚመጣ አይደለም፤ ከመጣልና ከመጠላት የሚመጣ ነው፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት መመዘኛዎች ውስጥ ይገኛል።

የጊየርሞ ዴል ቶሮ «ፍራንከንስታይን» (2025)

ብዙ ሰው አሁን የሚጠይቀው ስለዚህ ፊልም ስለሆነ በእርሱ እጀምራለሁ። ኦገስት 30 ቀን 2025 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ቀርቦ፣ ኖቬምበር 7 በኔትፍሊክስ ተለቀቀ። ኦስካር አይዛክ ቪክቶርን፣ ጄከብ ኤሎርዲ ፍጡሩን፣ ሚያ ጎዝ ኤልሳቤጥን ይጫወታሉ። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

በመጀመሪያው መመዘኛ ከሰባቱ የሚስተካከለው የለም። ፊልሙ የመጽሐፉን አወቃቀር ጠብቆ፣ በበረዶ በተያዘች መርከብ ላይ መጀመሪያ ቪክቶር እንዲናገር፣ ቀጥሎ ፍጡሩ ገብቶ የራሱን ወገን እንዲያስረዳ ያደርጋል። በመጀመሪያው ክፍል ጭራቅ መስሎን የነበረው፣ በሁለተኛው ክፍል ከእንስሳትና ከአንድ ዓይነ ስውር አረጋዊ ጋር ሲኖር ስናየው ፍርዳችን ይናወጣል። ኤሎርዲ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ ብርሃንንና ውሃን ገና እንደሚያውቅ ሕፃን ሲሆን፣ ከንግግሩ እኩል ይናገራል።

ዴል ቶሮ ታሪኩን ከአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ 1850ዎቹ፣ ወደ ክራይሚያ ጦርነት ዘመን አምጥቶታል። ለውጡ ምክንያት አለው፤ ቪክቶር ለሥራው አስከሬን የሚለቅመው ከጦር ሜዳ ሲሆን ገንዘብ የሚያቀርብለትም ከጦር መሣሪያ ንግድ የበለጸገ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሕይወት ለመሥራት የሚደክመው ሌሎች ሕይወት በገፍ በሚያጠፉበት ጊዜና በእነርሱው ገንዘብ ይሆናል። በመጽሐፉ ደግ የሆነው የቪክቶር አባትም እዚህ ልጁን እየቀጣ የሚያስተምር ጨካኝ ሐኪም ሆኗል፤ በዚህም ቪክቶር በፍጡሩ ላይ የሚያሳየው ጭካኔ ከአባቱ የወረሰው መሆኑን እንረዳለን።

ይሁንና ፊልሙ ለፍጡሩ ከመጠን በላይ ያደላል ባይ ነኝ። በመጽሐፉ ፍጡሩ ሕፃን ልጅ ይገድላል፣ ጥፋቱም በአንዲት ንጹሕ ሴት ላይ እንዲላከክ ያደርጋል፤ አንባቢው የተበደለን ሰው በዳይ ሆኖ ሲያየው ማዘኑንም መፍረዱንም አንድ ላይ መሸከም አለበት። ፊልሙ ይህን ሸክም አቅልሎታል። ለውይይት የሚያየው ቡድን ይህን ልዩነት ቢያነሣ ብዙ ያተርፋል። ቁስልና የተቆረጠ አካል በቅርብ ስለሚያሳይ ለልጆች አይሆንም፤ ማዕድ ቀርቦ የሚታይም አይደለም።

«የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን» (1994)

ኬኔት ብራና አዘጋጅቶ ቪክቶርንም ራሱ የተጫወተበት፣ ሮበርት ደ ኒሮ ፍጡሩን የሆነበት ይህ ፊልም 123 ደቂቃ ይፈጃል። የሰሜን ዋልታውን መርከብ፣ የጄኔቩን ቤተሰብ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱንና የገጠሩን ጎጆ በቅደም ተከተል የያዘ በመሆኑ የመጽሐፉን ክንውኖች ማወቅ ለሚፈልግ ተማሪ ከዴል ቶሮው ይልቅ ይጠቅማል። ደ ኒሮ ከሠሪው ጋር በበረዶ ዋሻ ተቀምጦ ስለ ነፍሱ የሚጠይቅበት ትዕይንት በፊልሙ ሁሉ ውስጥ ዝግ ያለውና የተሳካው ነው።

ጉድለቱ ጩኸቱ ነው። ካሜራው ያለማቋረጥ ይዞራል፣ ሙዚቃው ንግግሩን ይጫነዋል፣ ቪክቶርም እያንዳንዱን ስሜት በከፍተኛ ድምፅ ይገልጻል። ወደ ማብቂያው አካባቢም በመጽሐፉ የሌለ ትልቅ ትዕይንት ጨምሯልና፣ «ከሜሪ ሼሊ ስም ጋር ስለ ወጣ ሁሉም ከእርሷ ነው» ብሎ በፈተና ላይ የሚጽፍ ተማሪ ይሳሳታል።

«ዘ አንግሪ ብላክ ገርል ኤንድ ኸር ሞንስተር» (2023)

ከሰባቱ ብዙም ያልተወራለት ይህ ነው፤ በሦስተኛው መመዘኛ ግን ከሁሉም ይበልጣል። አዘጋጁ ቦማኒ ጄ. ስቶሪ ታሪኩን የወሰደው በዘመናችን አሜሪካ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ሰፈር ነው። ቪካሪያ የምትባል የ17 ዓመት ጎበዝ ተማሪ እናቷን በጥይት ካጣች በኋላ ወንድሟም ይገደላል፤ ሞት በሽታ ነው፣ በሽታ ከሆነም መድኃኒት አለው ብላ ታምናለችና ወንድሟን መልሳ ለማስነሣት ትነሣለች።

የመጽሐፉ ቪክቶር ሥራውን የጀመረው በአብዛኛው ለዝናና ለዕውቀት ጥማት ነበር። የቪካሪያ ምክንያት ለቅሶ ነው፤ ያውም በየጊዜው ለቅሶ በሚቀመጥበት ሰፈር። አባቷ በሐዘን ምክንያት ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ይታገላል፣ ትምህርት ቤቱ ጥያቄዋን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል፣ የሰፈሩ ዕፅ ሻጮች ደግሞ በችሎታዋ ሊጠቀሙ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጭራቁን የሠራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአንዲት ልጅ አልፎ ወደ ሰፈሩና ወደ አገሩ ይሰፋል። በአንድ ቤት ሞት ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እድር ድንኳን ተክሎ ሐዘንን የሚካፈልበት ባህል ላለን ሰዎች፣ ሐዘኗን ብቻዋን በጓዳ ይዛ የምትሠራ ልጅ ማየት ብዙ የሚያነጋግር ነገር አለው።

በመጀመሪያው መመዘኛ ደካማ ነው። ፍጡሩ ብዙ አይናገርም፤ ሁለተኛው አጋማሽም አልፎ አልፎ ወደ ተለመደው የማሳደድና የመግደል ፊልም ያዘነብላል። ንግግሩ ፈጣን የሰፈር እንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ከፍቶ ማየት ይረዳል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም።

«በርዝ/ሪበርዝ» (2023)

የሎራ ሞስ ፊልም ኒውዮርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የሚካሄድ ሲሆን፣ ሠሪዋ አስከሬን ክፍል የምትሠራ ብቸኛ ሐኪም ናት። አንዲት አዋላጅ ነርስ ትንሽ ልጇ በድንገተኛ ሕመም ትሞትባታለች፤ ሐኪሟ አስከሬኗን ወስዳ ሕይወት ትመልስባታለች፤ እናትየውም ስትደርስበት ከመጮህ ይልቅ አብራ ማስታመም ትጀምራለች። በመጽሐፉ ጥፋቱ መጣል ከሆነ፣ እዚህ ጥፋቱ የሞተን ለመልቀቅ እምቢ ማለትና ለዚያም የሌሎችን ሴቶች አካል መጠቀም ነው። ሁለተኛውን መመዘኛ እንዲህ ገልብጦ የመረመረ ሌላ ፊልም አላውቅም። ሆኖም ልጅ የሞተባት፣ ፅንስ የወረደባት ወይም በእርግዝና ላይ ያለች ሴት ባለችበት ፈጽሞ መከፈት የለበትም፤ ይህን የምለው በጥብቅ ነው።

«ፑር ቲንግስ» (2023)

ዮርጎስ ላንቲሞስ ያዘጋጀው፣ በስኮትላንዳዊው አላስዴር ግሬይ የ1992 ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተው ይህ ፊልም በቬኒስ ወርቃማውን አንበሳ፣ ቀጥሎም ለኤማ ስቶን የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ጨምሮ አራት ኦስካሮችን አግኝቷል። ራሷን ውሃ ውስጥ የጣለች ሴት አካል በሕፃን አንጎል ዳግመኛ ሕይወት ያገኛል፤ ቤላ የተባለችው ይህች ፍጡር ከለንደን ወደ ሊዝበን፣ ወደ እስክንድርያና ወደ ፓሪስ እየተጓዘች ራሷን ታሳድጋለች። በዊለም ዳፎ የተወከለው ሠሪዋ እንደ ቪክቶር አይሸሽም፤ ይወዳታል፣ ግን ቤት ውስጥ ሊያስቀራት ይፈልጋል፤ እርሷ ናት ጥላው የምትሄደው። ፍጡሯ ከመናገር አልፋ የፊልሙ ባለቤት ናት።

ነገር ግን ወሲባዊ ትዕይንቶቹ ብዙና ግልጽ ናቸው። ከወላጅ፣ ከታናሽ እኅትና ወንድም ወይም ከማይተዋወቁ ሰዎች ጋር ተቀምጦ የሚታይ አይደለም። የቤላ እንግሊዝኛም ሆን ተብሎ የተሰባበረ ስለሆነ ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ ሰው እንኳ ጆሮውን መጣል ይኖርበታል።

ቀሪዎቹ ሁለት

የቲም በርተን «ፍራንከንዊኒ» (2012) በአሻንጉሊት የተሠራ፣ በጥቁርና ነጭ የቀረበ፣ 87 ደቂቃ የሚፈጅ የልጆች ፊልም ነው። ቪክቶር የሚባል ልጅ መኪና የገጨውን ውሻውን በመብረቅ ኃይል ያስነሣል። ውሻ ስለሆነ አይናገርም፤ ሠሪው ግን ከሰባቱ ሁሉ ታማኙ ነው፤ በፍቅር የተሠራውና ለውድድር የተሠራው ምን ያህል እንደሚለያዩም ለልጅ በሚገባ መንገድ ያሳያል። ውሻው የሚሞትበት ክፍል ትንንሽ ልጆችን ሊያስለቅስ ስለሚችል ወላጅ አብሮ ቢሆን ይመረጣል።

«ቪክቶር ፍራንከንስታይን» (2015) የጄምስ ማካቮይና የዳንኤል ራድክሊፍ ፊልም ነው። ታሪኩን የሚናገረው ረዳቱ ኢጎር ሲሆን፣ ይህ ሰው በመጽሐፉ የለም። ፍጡሩ የሚመጣው ማብቂያው ላይ ነው፤ ሲመጣም የሚናገረው የለውም። ለጊዜ ማሳለፊያ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ፊልም | ፍጡሩ ይናገራል? | የሠሪው ኃላፊነት | ለማን ይሆናል? | ርዝመት | እንግሊዝኛው |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍራንከንስታይን (2025) | አዎ፣ ግማሹን ፊልም | በጥልቀት፣ ለፍጡሩ እያደላ | ለአዋቂዎች | 2 ሰዓት ተኩል ገደማ | መካከለኛ |
| የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን (1994) | አዎ | በግልጽ | ለአዋቂዎች፣ ለተማሪዎች | 123 ደቂቃ | መካከለኛ |
| ዘ አንግሪ ብላክ ገርል (2023) | ጥቂት | ወደ ኅብረተሰቡ ያሰፋዋል | ለወጣቶች ውይይት | 1 ሰዓት ተኩል ገደማ | ፈጣን |
| በርዝ/ሪበርዝ (2023) | እምብዛም | ገልብጦ ይመረምራል | ለአዋቂዎች፣ በጥንቃቄ | ከ100 ደቂቃ በታች | የሕክምና ቃላት አሉት |
| ፑር ቲንግስ (2023) | አዎ፣ ሙሉ በሙሉ | በሚወድና በሚያግድ አባት | ለአዋቂዎች ብቻ | 141 ደቂቃ | ከባድ |
| ፍራንከንዊኒ (2012) | አይናገርም | በታማኝነት | ለቤተሰብ | 87 ደቂቃ | ቀላል |
| ቪክቶር ፍራንከንስታይን (2015) | አይናገርም | ላይ ላዩን | ለጊዜ ማሳለፊያ | 110 ደቂቃ | መካከለኛ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

አንድ ፊልም ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው የዴል ቶሮውን ይምረጥ። ይህ ምርጫ ግን ወጪ አለው። ኔትፍሊክስ ወርኃዊ ክፍያውን የሚቀበለው ከውጭ አገር ክፍያ በሚፈጽም ካርድ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚጠቀመው በዘመድ አካውንት ነው፤ ከዚያም በተጨማሪ በተራ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ይፈጃል። በዚህ ስሌት ፊልሙ በተራ ጥራት ወደ 2.5፣ በከፍተኛ ጥራት ወደ 7.5 ጊጋባይት ይወስዳል። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ወደ ስልክ አውርዶ ማስቀመጥ ዳታን ያተርፋል፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽትም ፊልሙ መሀል ላይ አይቋረጥም። ለስልክ መስታወት ተራው ጥራት ይበቃል፤ በትልቅ ቴሌቪዥን ለሚሰበሰብ ቡድን ግን ጨለማ ትዕይንቶች ስለሚበዙበት ለከፍተኛው ጥራት ወጪውን ተካፍሎ መክፈል ይሻላል።

ለውይይት የሚሰበሰብ ቡድን ሁለት ቅዳሜ ካለው በመጀመሪያው የዴል ቶሮውን፣ በሁለተኛው «ዘ አንግሪ ብላክ ገርል»ን ያሳይ። ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፤ ፍጡሩ ብዙ ሲናገር የሰማ ተመልካች በሁለተኛው ፊልም ዝም ሲል የዝምታውን ምክንያት ይጠይቃል። አጭሩ ፊልም ካለቀ በኋላ ለመነጋገሪያ በቂ ጊዜ ስለሚተርፍም ከአራት ኪሎ ራቅ ብለው የሚኖሩት ታክሲ ሳይጠፋ ሊመለሱ ይችላሉ።

ወላጆች «ፍራንከንዊኒ»ን ያለ ብዙ ማመንታት ሊመርጡ ይችላሉ። በአሥራዎቹ መጨረሻ ያሉ ልጆች ከጓደኞቻቸው ሰምተው የዴል ቶሮውን ከጠየቁ፣ ከመከልከል ይልቅ ወላጅ አስቀድሞ አይቶ አብሮ ቢቀመጥ የተሻለ ነው። የጥንዶች ወይም የቅርብ ጓደኞች ምርጫ «ፑር ቲንግስ» ሊሆን ይችላል። በሕክምና ሙያ ላይ ያሉና ስለ ሙያ ሥነ ምግባር መነጋገር የሚፈልጉ ደግሞ፣ ከላይ የሰጠሁትን ማስጠንቀቂያ ጠብቀው «በርዝ/ሪበርዝ»ን ቢያዩ ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ለትምህርት የሚያየው ተማሪ ከ1994ቱ ይጀምር፣ ነገር ግን መጽሐፉን ሳይዝ አይጀምር። የቅጂ መብቱ ጊዜ ያለፈበት ስለሆነ እንግሊዝኛው በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ የሚወስደው ዳታም ከፊልሞቹ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ወረቀት የሚመርጥም በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ይጠይቅ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ያጠረው በ1831ዱ እትም ከምዕራፍ 11 እስከ 16 ያለውን፣ ፍጡሩ ራሱ የሚናገርበትን ክፍል ያንብብ፤ ከዚያ በኋላ የደ ኒሮንና የኤሎርዲን የጎጆ ትዕይንቶች አከታትሎ ይመልከትና እያንዳንዱ አዘጋጅ ከእነዚያ ስድስት ምዕራፎች ምን እንደ ወሰደ፣ ምን እንደ ተወ በማስታወሻው ይያዝ።